ከራውተሩ ጎን ያለችው ሳጥን

ልጅ አንድን ካርቱን አንድ ጊዜ አይቶ አይተወውም። ዛሬ ያየውን ነገ ጠዋት ይደግመዋል፤ ከሰዓት በኋላ የአክስቱ ልጅ ሲመጣ ደግሞ አብረው እንደ አዲስ ያዩታል። ቴሌቪዥኑ ግን ትናንት ያመጣውን አላስቀመጠውም፤ በየጊዜው ከኢንተርኔት ያስመጣዋል፣ በየጊዜውም ከጥቅሉ ይቀነሳል። ሒሳቡን ወረቀት ጥግ ላይ መሥራት ይቻላል። ሙሉ ኤችዲ የሆነ ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል። የሁለት ሰዓት ፊልም 7,200 ሰከንድ ነው፤ በ5 ሲባዛ 36,000 ሜጋቢት፣ ለ8 ሲካፈል 4,500 ሜጋባይት ይሆናል። 4.5 ጊጋባይት ማለት ነው። አሥር ጊዜ ከታየ ለአንድ ፊልም 45 ጊጋባይት ተከፈለ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ሮቶ ያስቀምጣል። ውሃው በመጣበት ሌሊት ይሞላል፤ ቤተሰቡ በፈለገው ሰዓት ይቀዳል። የቤት ሚዲያ ሰርቨርም ለቪዲዮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ የሚመጣበትንና የሚታይበትን ሰዓት ይለያያል። ሰርቨሩን የሚያወድሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የኔትፍሊክስ ወርኃዊ ክፍያ ማስቀሪያ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። አንዱ አሁን ያልነው የሰዓት ጉዳይ ነው። ሌላው ደግሞ የትኛውም ኩባንያ የማያስቀምጥልን ቪዲዮ፣ የእናትና የአባት ሠርግ፣ የክርስትናው ካሴት፣ ከሳተላይት የተቀዳው የበዓል ዝግጅት፣ እንደ ማንኛውም ፊልም በርዕሱ ተፈልጎ የሚገኝበት ቤት ማግኘቱ ነው።

ሰርቨር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በባንክ ምድር ቤት በማቀዝቀዣ ተከቦ የሚያጓራ የብረት መደርደሪያ ነው። ለቤት ያን ያህል አያስፈልግም። ሳይጠፋ የሚውል ማንኛውም ኮምፒውተር ፋይሎቹን ይዞ ቴሌቪዥኑ ወይም ስልኩ ሲጠይቀው የሚሰጥ ከሆነ ሰርቨር ነው። ቴሌቪዥኑ ፊልሙን ከ40ኛው ደቂቃ ጀምረህ ላክልኝ ይላል፤ ሰርቨሩ ይልካል። ሳሎን የጀመረውን ፊልም መኝታ ቤት ገብቶ የሚጨርስ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል፤ ምክንያቱም የት እንደተቆመ የሚመዘግበው ማያው ሳይሆን ሰርቨሩ ነው። ፍላሽ ከአንዱ ቴሌቪዥን ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት፣ ከዚያም የትኛው ክፍል ላይ እንደደረሱ መከራከር ቀረ።

አንድ ነገር ከመነሻው መጥራት አለበት። በቤት ዋይፋይ የሚያልፍ ሁሉ ኢንተርኔት አይደለም። ራውተሩ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች እርስ በርስ ያገናኛል፣ ቤቱን ደግሞ ከውጭው ዓለም ያገናኛል። ፊልሙ ከሰርቨሩ ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲሄድ የሚያልፈው በመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው። ከጥቅሉ አንዲት ሜጋባይት አትቀነስም፤ ኢንተርኔት ጨርሶ ቢቋረጥም ፊልሙ አይቆምም። ሲቆራረጥ የታየ እንደሆነም ጥፋቱ የአገልግሎት ሰጪው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ዋይፋይ ነው። ሰርቨሩም ቴሌቪዥኑም በዋይፋይ ከተገናኙ አንዱ ፊልም አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፣ አንዴ ከሰርቨሩ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ። ስለዚህ ቢያንስ ሰርቨሩን ራውተሩ አጠገብ አስቀምጦ በገመድ ማያያዝ ነው። ይህች የአንድ ሜትር ገመድ ውድ ራውተር ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ታመጣለች።

የዚህ ነገር ታሪክ የሚጀምረው ከጨዋታ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የማይክሮሶፍትን ኤክስቦክስ ፈልቅቀው የከፈቱ ፕሮግራመሮች ፊልም የሚያጫውት ፕሮግራም ጻፉለት። ይኸው ፕሮግራም አድጎ ኤክስቢኤምሲ ተባለ፤ በ2014 ደግሞ ኮዲ የሚለውን የዛሬ ስሙን ያዘ። ኮዲ በመሠረቱ ማጫወቻ ነው፤ አንድ ቴሌቪዥን ላለው ቤት እስከ ዛሬም ድረስ ጥሩ ነው። ከኮዱ ለማክ ኮምፒውተር የተወሰደው ቅርንጫፍ ፕሌክስ ሆነና ሥራውን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ፕሮግራም ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይልካል፣ ሌላው ማያው ላይ ሆኖ ይቀበላል። ዛሬ ሚዲያ ሰርቨር የምንለው ሁሉ ይህን አሠራር ይከተላል። ኤምቢ የሚባል ተፎካካሪም ነበር፤ አብዛኛው ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ ቆይቶ በ2018 መጨረሻ ተዘጋ። በዚህ ያልተደሰቱ ፕሮግራመሮች በዚያው ዲሴምበር ክፍት የነበረውን 3.5.2 የተባለ ቅጂ ወስደው ጄሊፊንን መሠረቱ።

እኔ የምመክረው ጄሊፊንን ነው፤ ምክንያቴም ነጻ መሆኑ ብቻ አይደለም። ፕሌክስ ከሁሉም ያማረ ነው፤ ለጀማሪም ይቀላል። ነገር ግን የመግቢያ አካውንቱ የሚረጋገጠው በኩባንያው ኮምፒውተሮች በኩል ነው። አስቀድሞ ማስተካከያ ካልተደረገለት ኢንተርኔት በጠፋ ቀን የገዛ ቤትህን ፊልም ለማየት መግቢያው ሊያስቸግር ይችላል። ኢንተርኔት ስለሚጠፋ ብሎ ሰርቨር ለሚያቆም ሰው ይህ የማይዋጥ ነገር ነው። በ2025 ኤፕሪል ደግሞ ከቤት ውጭ ሆኖ የራስን ቪዲዮ ማየትን የሚከፈልበት አደረገው፤ የዕድሜ ልክ ፈቃዱንም ከ120 ወደ 250 ዶላር ገደማ ከፍ አደረገ። በጄሊፊን ግን ተጠቃሚውም የይለፍ ቃሉም የሚመዘገበው እዚያው ቤት ባለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ማንንም አያስፈቅድም። ድክመቱ መተግበሪያዎቹ አንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ እንደ ፕሌክስ የተሞረዱ አለመሆናቸው ነው፤ ይህን አልክድም።

ወደ ሳጥኗ እንምጣ። አዲስ ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም። ቤት ውስጥ ቁልፉ የተነቀለ ወይም ማያው የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ካለ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ እንዲያውም መብራት በሚጠፋበት አገር ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይሻላል፣ ባትሪው እንዳይጠፋ ያደርገዋልና። ራውተሩ አብሮ ከጠፋ ግን ፋይዳ የለውም፤ ለእሱ በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚኖር የላፕቶፕ ባትሪ ሊያብጥ ስለሚችል አልፎ አልፎ ከሥሩ ማየት አይጎዳም፤ ካበጠ ባትሪውን ማውጣት ነው። ላፕቶፕ ከሌለ ቢሮዎች ሲያድሱ የሚሸጧቸው፣ ከመጽሐፍ ብዙም የማይበልጡ ሚኒ ፒሲዎች አሉ። ከእነዚህ ሲመርጡ ሰባተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን መያዝ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይመጣል። ራስበሪ ፓይም ይሠራል፤ ቪዲዮ መቀየር ሲመጣ ግን ያቃስታል።

መብራቱንም ማስላት ያስፈልጋል፤ ይህ ዕቃ ቀንና ሌሊት ነው የሚሠራው። 80 ዋት የሚበላ አሮጌ ዴስክቶፕ በ30 ቀን 57.6 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። 10 ዋት የሚበላ ሚኒ ፒሲ 7.2 ብቻ። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ በነጻ የተገኘው ዴስክቶፕ ከተገዛው ሚኒ ፒሲ ሊወደድ ይችላል። ለፋይሎቹ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በቅድም ስሌታችን ከ400 በላይ ፊልም ይይዛል። ፕሮግራሙ ራሱ ግን ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ዝርዝሩን ሲያሸብልሉት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ደረስን። ቪዲዮ እንዳለ ቢላክ የሚችለው መስመር የለም። ሙሉ ኤችዲ ሥዕል በአግድም 1,920፣ በቁም 1,080 ነጥብ አለው፤ ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ነጥብ 12 ቢት፣ በሰከንድ 25 ሥዕል ብለን ብናባዛ በሰከንድ 622 ሜጋቢት ይመጣል። ይህ ወደ 5 የሚወርደው በመጭመቂያ ዘዴ፣ በኮዴክ ነው። ኮዴኩ እያንዳንዱን ሥዕል ሙሉ በሙሉ አይልክም፤ አንዱን ሙሉ ይልክና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይናገራል። ዜና አንባቢዋ ከንፈሯንና ዓይኗን እንጂ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ አታንቀሳቅስም፤ ስለዚህ ግድግዳው እንደገና አይላክም። እግር ኳስ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ካሜራው ሲሮጥ ሣሩ ሁሉ ይለወጣል።

ዘዴዎቹ ግን ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ኤች.264 የማያነብ ቴሌቪዥን ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። በ2013 የመጣው ኤች.265 ተመሳሳይ ጥራት በግማሽ በሚጠጋ መጠን ይሰጣል፤ የቆየ ቴሌቪዥን ግን አያውቀውም። በ2018 የወጣው ኤቪ1 ከዚያም የበለጠ ቆጣቢ ነው፣ የሚያነበውም ገና አዳዲስ ዕቃ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ የማያውቀው ፋይል ሲደርሰው ሰርቨሩ ሁለት ምርጫ አለው፦ አይሆንም ማለት፣ ወይም ፊልሙ እየታየ እያለ ወደሚታወቀው ዘዴ እየገለበጠ መላክ። ጄሊፊን ሁለተኛውን ያደርጋል። የሚገለብጥለት ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2000 የጀመረው፣ ዛሬ ቪዲዮ የሚነካ ነገር ሁሉ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ ድንቅ ሥራ ነው። ግልበጣው ግን ከባድ ጉልበት ይጠይቃል። ለፕሮሰሰሩ ብቻ ከተተወ ላፕቶፑ ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ፊልሙም ይንገዳገዳል።

መፍትሔው እዚያው ፕሮሰሰር ውስጥ አለ። ኢንቴል ከ2011 ጀምሮ ቪዲዮ ለመገልበጥ ብቻ የሚሠራ ክፍል ቺፑ ላይ ጨምሯል፤ ክዊክ ሲንክ ይባላል። ሰባተኛ ትውልድ ያልኩት ዛሬ በብዛት የሚገኘውን ባለ 10 ቢት ኤች.265 በሙሉ የሚያነበውና የሚጽፈው ከዚያ ጀምሮ ስለሆነ ነው። በ2023 መጀመሪያ የወጣችው ኤን100 የተባለች 6 ዋት ቺፕም ብዙ ፊልም በአንድ ጊዜ ትገለብጣለች። ጄሊፊን ላይ ይህ ክፍል በራሱ አይበራም፤ ከማስተካከያው ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ሰርቨሬ ደካማ ነው ብለው ከሚያማርሩት ጥቂት የማይባሉት ይህችን አንዲት ምልክት ያላደረጉ ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ግልበጣ ጨርሶ እንዳያስፈልግ ማድረግ ነው። ቤት ያሉት ቴሌቪዥኖች የሚያነቡት ኤች.264 ከሆነ ፋይሎቹንም በዚያው ማስቀመጥ፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩ ፋይሉን አንሥቶ ከመስጠት በቀር ሥራ የለውም፣ የአሥር ዓመት ላፕቶፕም ይችለዋል።

ተከላው የሚፈራውን ያህል አይደለም። ጄሊፊን ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ይጫናል። ከተጫነ በኋላ እዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ማንኛውም ስልክ ብራውዘር ከፍቶ የኮምፒውተሩን የቤት ውስጥ አድራሻ ከ8096 ጋር መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ 192.168.1.20:8096። ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ፊልሞቹ ያሉበትን ፎልደር ይጠይቃል፣ አለቀ። ቴሌቪዥኑ አንድሮይድ ከሆነ መተግበሪያውን ከመደብሩ ማውረድ፤ ካልሆነም ትንሽ የአንድሮይድ ሳጥን መሰካት። ለልጆች የተለየ አካውንት ከፍቶ የልጆቹን ፎልደር ብቻ እንዲያዩ ማድረግ ይቻላል። ወላጅ ያላስገባው ነገር እዚያ ውስጥ አይገኝም፤ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሌላ ቪዲዮም ተከትሎ አይመጣም። ለዚህ ብቻ ሰርቨር የሚያቆሙ ወላጆች ቢኖሩ አይገርመኝም።

ስም አጻጻፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ጄሊፊን የፊልሙን ስምና ዓመት ከፋይሉ ስም አንብቦ ቲኤምዲቢ ከተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ፖስተሩንና የተዋንያኑን ዝርዝር ያመጣል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» መዝገቡ ውስጥ ያለው በ2008 ነው፤ ፋይሉ ላይ 2000 ብሎ በእኛ አቆጣጠር የጻፈ ሰው የማያውቀው የሌላ አገር ፊልም ፖስተር ተለጥፎ ሊያገኝ ይችላል። ስሙም በላቲን ፊደል፣ በውጭ በሚታወቅበት አጻጻፍ ቢሆን ነው የሚገናኘው። መዝገቡ ውስጥ ጨርሶ የሌሉ የአማርኛ ፊልሞች አሉ፤ ለእነዚህ ርዕሱንና ፖስተሩን በእጅ ማስገባት ነው፣ ፊደሉንም ያለ ችግር ይቀበላል። ፊደላችን የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ነው። ሰርቨሩ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍን ከሥዕሉ ጋር አዋሕዶ መላክ ሲኖርበት የግዕዝ ፎንት ከሌለው በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል። ጄሊፊን ለዚህ ተጠባባቂ ፎንት የሚቀመጥበት ማስተካከያ አለው፤ እዚያ አንድ የግዕዝ ዩኒኮድ ፎንት ማስገባት ይበቃል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የኮምፒውተር ፊደሎች የተጻፈ ጽሑፍ ግን ፎንት ቢገባለትም ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ሳጥኗን በምን እንሙላት? ለመሞከሪያ የሚሆን ሕጋዊ ነገር ሞልቷል። የብሌንደር ፋውንዴሽን በ2008 ያወጣው «ቢግ በክ በኒ» የተባለ የ10 ደቂቃ አኒሜሽን ማንም እንዲቀዳውና እንዲያከፋፍለው የተፈቀደ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ ወይም ባለቤቶቹ የፈቀዷቸው በርካታ ፊልሞች አሉ። እነዚህን በሌሊት ጥቅል አውርዶ ማደር ነው። ዩቲዩብ ግን ራሱ ካስቀመጠው የማውረጃ ቁልፍ ውጭ ማውረድን በደንቡ ይከለክላል፤ የራስህ ቻናል ከሆነ የጫንከውን ከጉግል ላይ መልሰህ ማውረድ ትችላለህ። በእኛ አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለግል አገልግሎቱ አንድ ቅጂ ማባዛትን ከነገደቡ ይፈቅዳል። ፍላሽ ይዞ ወደ ፊልም ጫኝ ሱቅ መሄድ፣ ወይም የሞላውን ሰርቨር ለሰፈር ማከራየት ግን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የአማርኛ ፊልም ሠሪዎችን ያደኸየው ይኸው ነው፤ ሰርቨር መኖሩ ፈቃድ አይሆንም። ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ደግሞ ቪዲዮውን በቁልፍ ቆልፈው ስለሚልኩ በዚህ ሳጥን ውስጥ አያልፉም። እነሱን በየራሳቸው መተግበሪያ ማየት ነው።

ቀጥታ ሥርጭት ሌላ መንገድ አለው። ብዙ ጣቢያዎች በኢንተርኔት የሚያስተላልፉት ቪዲዮውን የጥቂት ሰከንድ ቁራጭ እያደረጉ ነው፤ ይህን አሠራር አፕል በ2009 ካስተዋወቀው ወዲህ በሁሉም ዘንድ ተለምዷል። ማያው ላይ ክብ ነገር ሲሽከረከር የምናየው የሚቀጥለው ቁራጭ በሰዓቱ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ጣቢያዎቹ ለሕዝብ የከፈቷቸውን አድራሻዎች ኤም3ዩ በተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ አንድ በአንድ ጽፎ ለጄሊፊን መስጠት ይቻላል፤ ቻናሎቹ ከፊልሞቹ ጎን ይደረደራሉ። ሺህ ቻናል በርካሽ ብለው እንዲህ ያለ ፋይል የሚሸጡ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የተሰረቀ ሥርጭት ነው፣ በማግስቱም ይጠፋል።

ለኢትዮጵያ ቤት ከዚህ የሚበልጥብኝ ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ ነው። በኢትዮሳት የሚተላለፉት ነጻ ቻናሎች አንዲት ሜጋባይት አይጠይቁም፤ ቀድሞውኑ ቤት ደርሰዋል። የሳተላይት መቀበያ በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር ሲያያዝና ቲቪሄድኤንድ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ሲጫን፣ ከዲሹ የመጣው ገመድ አንድ ቦታ ገብቶ ቻናሉ በዋይፋይ ወደ ሁሉም ክፍል ይሄዳል፤ ለየቴሌቪዥኑ ሪሲቨር መግዛትና ግድግዳ መብሳት አይኖርም። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ቻናሎች አብረው ስለሚመጡ አንዱ መቀበያ እነዚያን ቻናሎች ለተለያዩ ክፍሎች በአንድ ጊዜ መስጠት ይችላል። በሌላ ፍሪኩዌንሲ ያለ ቻናል ከተፈለገ ግን ሁለተኛ መቀበያ ይጠይቃል። ይቀዳልም። የመስቀል ደመራን ሥርጭት ሥራ ላይ የሆነ ሰው ማታ ገብቶ ያየዋል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው፣ ከሁሉም በላይ የሚያስደስተውም የካሴቱ ሥራ ነው። በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ የሠርግ ካሴቶች አሉ፤ ማጫወቻ ዴኩ ከተበላሸ ቆይቷል። የሚሠራ ዴክ ከተገኘ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመዶቹን ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ትንሽ መቅጃ አስገብቶ ኮምፒውተር ላይ መቅዳት ነው። አቋራጭ የለውም፤ የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከመጀመር በፊት ካሴቱ ላይ ነጭ ሻጋታ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል፤ ሻጋታው የዴኩን ራስ ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገባውን ካሴትም ይበክላል። የተቀዳው በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢቀመጥ ለሰዓት 1.8 ጊጋባይት፣ ለሦስቱ ሰዓት 5.4 ጊጋባይት ይሆናል። ጥራቱን ከዚህ በላይ መጨመር ካሴቱ ውስጥ የሌለውን ነገር አያመጣም።

እዚህ ላይ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲከተል የቆየው ፓል የተባለውን ሥርዓት ነው፤ 576 መስመር፣ በሰከንድ 25 ሥዕል። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው የነበረው፤ 480 መስመር፣ በሰከንድ 30 ገደማ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ የተላከ የሠርግ ካሴት እዚያ በተገዛ ተራ ዴክ ላይ ሥዕሉ ይንከባለላል ወይም ጨርሶ አይታይም። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ካልተገኘ ካሴቱን ከመላክ እዚሁ ቀድቶ ፋይሉን መላክ ነው። ሌላም ነገር አለ። የያኔው ካሜራ እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ከፍሎ፣ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹን ቀጥሎም ሙሉዎቹን ይይዝ ነበር። እንዳለ በዛሬ ማያ ሲታይ እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻ ላይ የተሰነጣጠቀ አግድም መስመር ይወጣል። ኤፍኤፍኤምፔግ ይህን የሚያስተካክል ማጣሪያ አለው፤ ስለዚህ ቀድሞ አስተካክሎ ማስቀመጥ ነው። ሰርቨሩ ላይም ካሴቶቹን በፊልም ፎልደር ሳይሆን የቤት ቪዲዮ በሚለው ዓይነት መክፈት ያስፈልጋል። አለበለዚያ ጄሊፊን መዝገቡን ፈልጎ በአክስትህ ሠርግ ላይ የሆሊውድ ፖስተር ሊለጥፍ ይችላል። የፊልሞቹ ዲስክ ቢቃጠል እንደገና ይወርዳሉ፤ ከካሴት የተቀዱት ግን ከየትም አይወርዱም። የእነሱ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ፣ ከተቻለም ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ዘመዶች ከውጭ ሆነው ሰርቨሩን እንዲያዩ ማድረግስ? ይቻላል፤ ግን የራውተሩን በር ለኢንተርኔት ከፍቶ መተው አይመከርም። በ2022 ላስትፓስ የተባለው የይለፍ ቃል ጠባቂ ኩባንያ ከባድ ዝርፊያ ሲደርስበት ሌባው የገባው በአንድ መሐንዲስ የቤት ኮምፒውተር በኩል ነበር። መንገዱ ያልታደሰ የፕሌክስ ሰርቨር ነው፤ ማስተካከያው በ2020 ወጥቶ መሐንዲሱ አልጫነውም ነበር። ከዚህም ሌላ ብዙ አገልግሎት ሰጪዎች አንዱን የውጭ አድራሻ ለበርካታ ደንበኞች ስለሚያካፍሉ በሩን መክፈት ቢፈልጉም አይሠራም። የሚሻለው ቴይልስኬልን የመሰለ፣ በዋየርጋርድ ላይ የተሠራ የግል መስመር ነው። ሰርቨሩም የዘመዱ ስልክም ላይ ይጫናል፤ ሁለቱ በተመሰጠረ መንገድ ይገናኛሉ፣ ሌላው ዓለም ሰርቨሩ መኖሩንም አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ከቤት ወደ ውጭ የመላኪያ ፍጥነት ነው፤ እሱ ደግሞ ከማውረጃው ብዙ ጊዜ በጣም ያንሳል። መላኪያው በሰከንድ 3 ሜጋቢት ከሆነ ጄሊፊን ላይ የውጭ ተመልካች ጣሪያ 2 ሜጋቢት ተብሎ ይወሰን፤ ሰርቨሩ እየቀነሰ ይልካል፣ ቤት ያለውም ኢንተርኔት አይታነቅም። በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ሰው ከሆነ ይበቃል። ሜሪላንድ ያለው ዘመድ ብዙ ከሆነ ግን ሁለተኛዋን ሳጥን እዚያ ማቆምና የሠርጉን ፎልደር ሲንክቲንግ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሌሊት ሌሊት ማስተላለፍ ይቀላል። 5.4 ጊጋባይቱ በ3 ሜጋቢት መስመር አራት ሰዓት ይፈጅበታል።